በሰንበት የፈጨው ከበሮ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው። አዲስ አበባ ምድር ቤት ወርደህ፣ ጥቁር ለብሰህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ "ወፍጮ" የሚሉት ሚክስ ሲገባ እጅህን ሰቅለህ የጮኸኸው። አልጮኽሁም አትበለኝ። እኔም ስጮህ ነበር። ደስ ይላላ! ደስ ባይልማ ማን ይጣላበት ነበር?

ግን ያ ደረትህን ሲደልቀው የነበረ ድምፅ የእናቴ ወፍጮ ነው። እናቴ ሸዋነሽ በዚያ ድምፅ የተነሳ ደባርቅ ላይ ስሟ ጠፍቷል፣ "ሰንበት ሽራ ፈጨች" ተብላ ከጽዋ ማኅበሯ ወጥታለች። ሚክሱን የሠራው ወንድሜ ቻላቸው ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ያልቅ ነበር። አልተነፈሰም።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን እንዳሉ አወጣኋቸው፣ የሱንም የኔንም። የኔን ከመላኬ በፊት በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ ነው ያስቀረሁት፤ ዳታ ባይኖርም ካሜራ አይጠፋም። ቃል አልጨመርሁም። ስድቡንም አልቀነስሁም። አንብብና ፍረድ።

ፍቅርአዲስ ነኝ፣ ባለወፍጮዋ።


ደባርቅ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቻላቸው፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። እማየ ጉልበቷ ነው እንጅ እሷም ደኅና ናት። ሰላምታው አለቀ፤ ወደ ጥያቄህ ልሂድ።

አዎ፣ ሚሞሪው ደርሶኛል። ሹፌሩ ዘመነ አውቶብሱን አቁሞ ከክብሪት ቀፎ ውስጥ አወጣና "ይችን የምስር ፍሬ ለመላክ ነው ይሄ ሁሉ ደብዳቤ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ዳታ ከጠፋ ወዲህ ኢንተርኔታችን እሱ ነው። በስልክ አታንሽብኝ ያልከውም ገብቶኛል፤ እማየ ከጎኔ አትጠፋም፣ ጆሮዋ ደግሞ ከጉልበቷ ይሻላል።

የት እንደምንሰማው ጠይቀሃል። ወፍጮ ቤት ነዋ! ሌላ የት ይሰማል? ዘፈን በየመጠጥ ቤቱ ሞልቷል፣ ይሄን ዓይነቱን ግን ብከፍተው "ትራንስፎርመር ፈነዳ" ብለው መብራት ኃይልን ይጠሩብኛል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው በልቶ ጋደም ሲል፣ ወፍጮው ቆሞ ስለሚውል ቤቱ የኔ ነው። ከሠርግ አከራዩ የገዛኋትን አሮጌ ሞንታርቦ ጆንያ ላይ አወጣታለሁ። ድምፁ ሲበረታ እየተንቀጠቀጠች ስለምትወርድ የእማየን መጅ ከላይ ጫንሁባት። አባየ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞተሩን ሳይተክል በፊት በእጇ የምትፈጭበትን፣ መዳፏ ያጎደጎደውን ድንጋይ። አሁን ሃርድ ቴክኖ ለምትሉት ለዚህ ሙዚቃህ ዘበኛ ሆኗል።

ናዝራዊት ጠጉር ሠሪዋ ትመጣለች። የፓርኩ ጠባቂ ያርጋልም ተራራው ላይ ጨነቅ ካምፕ ተረኛ ካልሆነ ይወርዳል፤ የስካውት ጠመንጃውን ግድግዳ ያስደግፍና እጁን አጣጥፎ ይሰማል፣ ወንጌል እንደሚነበብለት። "ይሄን ፓርኩ ውስጥ ብትለቂው ጭላዳው ሁሉ ተከዜን ይሻገራል" አለኝ። ግን እሑድ ቀርቶ አያውቅም።

ወደድሽው ወይ ላልከኝ፣ ስማ። አጀማመሩ ሊማሊሞ አናት ላይ እንደመቆም ነው፤ ጉም ነው፣ ምንም አይታይም፣ ከታች የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ከዚያ ኪኩ ይገባል። ኪክ ነው አይደል የምትሉት፣ ያ እንደ ጡጫ የሚመታው? ከዚያ በኋላ ፍሬን የለም። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር አሁንስ ገደል ገባን ስል ትይዘዋለህ፣ ደግሞ ትለቀዋለህ። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው የጀመረበትን ቦታ ብፈልግ አጣሁት። ጥሩ ስፌት እንዲህ ነው። ከጣሪያው የዱቄት ብናኝ እየረገፈብን ሦስታችንም ነጭ ሆነን ወጣን፣ ናዝራዊት እንባዋ በዱቄቱ ላይ መንገድ ሠርቶ። ምን ሆንሽ ስላት "እኔ እንጃ፣ ማንም ምንም ስላላለኝ ይሆናል" አለች። ገባህ? ሌላው ዘፈን ሁሉ ይመክረናል፣ ይወቅሰናል፣ አግቡ ውለዱ ይለናል። ይሄ ቃል የለውም። ዝም ብሎ ይይዝሃል።

ግን መካከሉ ላይ ያንን የሴት ጩኸት ለምን አስገባኸው? አውጣው። ኪኩ ብቻውን ይበቃል። በራስህ አታፍር።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ "ለእማየ ስለ ሥራየ ምን ትያታለሽ"። አንተው ነግረሃታል እኮ! ባለፈው በስልክ "ከበሮ ላይ ነኝ" አልካት። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ልጄ አዲስ አበባ ከበሮ ይመታል" ትላለች ላገኘችው ሁሉ። የት ደብር ነው ሲሏት "ትልቅ ደብር ነው" ትላለች። ዲያቆን የነበረ ልጅ "ከበሮ ላይ ነኝ" ሲል እናት ምን ትስማ? ዲጄ ነኝ ማለት ጠፍቶህ ነው? አስተካክል።

እህትህ ፍቅርአዲስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፍቅርአዲስ፣

ለዘገየሁት ይቅርታ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቴም ሳቅኩ፣ ከዚያ አልሳቅኩም።

እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ከስተሃል ወይ ላልሽኝ፣ ትንሽ። የምንጫወትበት ቦታ የቀድሞ ጋራዥ ምድር ቤት ነው። ስምም ምልክትም የለውም፤ የሚያውቅ ይመጣል። አቦ፣ ብታይው! መብራቱ ትንሽ ነው፣ ዲጄው ማን እንደሆነ ማንም አያይም። ለዚህ ነው የምወደው። ዳባት ትምህርት ቤት ሳለን ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው አያት ያውቅ ነበር፤ እዚህ የአባቴን ስም የጠየቀኝ የለም። ፖለቲካ የለም፣ ዘር የለም፣ ላብ ብቻ ነው ያለው። የሴቲቱን ጩኸት አውጥቼዋለሁ፤ ልክ ነሽ።

እማዬን ግን አታስተካክያት። እለምንሻለሁ። አልዋሸኋትም እኮ፤ ከበሮ ነው። እሷ የሰማችውን ሰማች። አባ ይግዛው ናቸው ዳዊት ያስደገሙኝ፣ እሳቸው ናቸው ለድቁና ያበቁኝ፤ እሷ ደግሞ ለዚያ ስትል ስንት ዓመት ደጀ ሰላም እንደጠናች ታውቂያለሽ። "ልጅሽ መጠጥ ቤት ዘፈን ያስጨፍራል" ከምትባል እንደዚሁ ብትኖር ምን ይጎዳል? ማንንም አይነካም። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ማርያምን በይኝ።

አዲስ ሚክስ ልኬልሻለሁ። ስም የለውም። ስሚውና ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ካወቅሽው ስሙን አንቺ ታወጪለታለሽ።

ወንድምሽ ቻላቸው


ደባርቅ፣ ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

አንተ ሌባ!

ለመስቀል መጥተህ ቡናህን ትተህ ወፍጮ ቤት ገብተህ የቀረኸው ለዚህ ነበር? እኔ ደግሞ "አባየን አስታውሶ ነው" ብየ በር ላይ ቆሜ እንባየን ስጠርግ፣ አንተ ስልክህን ሞተሩ ላይ አስጠግተህ ትቀዳለህ!

እንዴት አወቅሽው ላልከኝ (እንደምትለኝ አውቃለሁ)፣ በቺንጋው ነው። አባየ ያ መዘውሩን የሚያዞረው የሞተር ቀበቶ ሲበጠስ በጠፍር ሰፍቶት የለ? ያ ስፌት መዘውሩ ላይ በዞረ ቁጥር "ጧ" ይላል። ዱም ዱም ዱም ጧ። ደባርቅ ላይ ሌላ ወፍጮ እንዲህ አይልም። አንተ ደግሞ ያንን ድምፅ ወስደህ አፈጠንኸው፣ አጠበቅኸው፣ ከሥሩ ነጎድጓድ አበጀህለት። ያርጋል እንኳ ከተቀመጠበት ተነሳ። ያርጋል! ጨፈረ አልልም፤ ተራመደ፣ እዚያው በቆመበት። እኔ እጄን መዘውሩ ላይ አድርጌ ስሰማ ነበር፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ድምፁ ግን እየዞረ ነው። እንደ ነፍስና ሥጋ ተለያይተው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስሙ "ወፍጮ" ነው። ሌላ ስም ብታወጣለት አንጣላም ብለህ እንዳታስብ።

አዎ፣ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ናዝራዊትና ያርጋልም ካንድ ጓደኛ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ማርያምን ብየሃለሁ፣ አለቀ።

የሚያስቅ ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ጋሸ አንዳርጋቸው፣ እህል አስጭኖ መጣና "ትናንትናም ስትፈጩ ሰምቸ ልመጣ ነበር፣ ሰንበት ነው ብየ ተውሁት እንጅ" አለኝ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። ከወጣ በኋላ እኔና ናዝራዊት ሆዳችንን ይዘን ወደቅን። ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሲሰማህ ወፍጮ ነው የሚመስለው! ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ታገኛለህ?

ፍቅርአዲስ


ደባርቅ፣ የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቻላቸው፣

ሳቁ አልቋል። በስልክ "ነገሩ ምን ደረሰ" ብለሃል። ይሄውልህ የደረሰበት።

በማርያም ቀን ጽዋው ተራው የእማየ ነበር። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ቤቱ ተለቅልቆ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። አልመጡም። ጽዋውን አልፈዋት ለጎረቤታችን ሰጡት። እማየ ነጠላዋን እንዳጣፋች በር ላይ ቁጭ ብላ ነው የዋለችው። "መንገድ ይዟቸው ይሆናል" ትለኛለች። ምን መንገድ? የሚጠጡበት ድምፅ በአጥሩ ይሰማል!

በማግስቱ አባ ይግዛው ቤት ሄድሁ። ጋሸ አንዳርጋቸውም ነበረ። እግራቸው ሥር ወድቄ፣ "አባቴ፣ አልተፈጨም፣ ዘፈን ነው፣ እኔ ነኝ የከፈትሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኋቸው።

"የምን ዘፈን ነው ቃል የሌለው?" አሉኝ።

"እንዲህ ያለ ዘፈን አለ፣ አባቴ።"

"እስቲ አሰሚን።"

ሞኝ ነኝ፣ ስልኬን አውጥቸ ከፈትሁት። የስልክ ድምፅ ታውቀዋለህ፣ ነጎድጓዱን አያወጣም፤ የወጣው ዱም ዱም ዱም ጧ ብቻ ነው። ጋሸ አንዳርጋቸው ከወንበሩ ተነሳ።

"አያችሁ! አያችሁ! ያች የቺንጋ ስፌት! እኔ ቆሜ ነው አባትሽ ግርማይ የሰፋት! ይሄ ራሱ ወፍጮው ነው እንጅ የምን ዘፈን ነው?"

"ከወፍጮው የተሠራ ዘፈን ነው" አልሁ።

"እሽ፣ ለመሆኑ የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ሰንበትን ቁጭ ብሎ የወፍጮ ድምፅ የሚሰማ?" አለ። እውነቱን ነው እኮ! ለሱ ምን ብየ ላስረዳው? ናዝራዊትን ምስክር ብጠራ "ጠጉር ሠሪ" ብለው ሳቁ። ያርጋል ተራራ ላይ ነው።

ከዚያ አባ ይግዛው ቀስ ብለው፣ በዚያ በምታውቀው አነጋገራቸው፣ "ልጄ፣ ዘፈን ከሆነስ ሠሪ አለው። ማነው የሠራው?" አሉኝ።

ዝም አልሁ።

ገባህ? ማርያምን ብየህ ስለነበር ዝም አልሁ። እዚያች ዝምታ ላይ ነው እማየ የተፈረደባት። ጋሸ አንዳርጋቸው "አያችሁ፣ ስም አጣች" አለ፣ ተነስቶ ወጣ።

አሁን የምልህ አጭር ነው። ለአባ ይግዛው በእጅህ ጻፍ። "የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ወፍጮው አልዞረም" በል። ጽሕፈትህን ያውቁታል፤ እሳቸው ናቸው ያስጻፉህ። ዘመነ ተመልሶ ሲመጣ ደብዳቤው በእጁ ይሁን።

ፍቅርአዲስ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለፍቅርአዲስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንኳን ለታላቁ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኔ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? ያ የላክሁት ቅባት ረዳት ወይ? ናዝራዊት ደህና ናት? ያርጋልስ?

ፍቅርዬ፣ ያልሽኝን አስቤበታለሁ። ሳልተኛ ነው ያሰብኩት። ለአባ ይግዛው አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። "ይድረስ ለመንፈስ አባቴ" ብዬ ጀምሬ ቀጥሎ "ዲጄ" የሚለውን ቃል እንዴት ልጻፍ? በቁም ነገር ነው የምጠይቅሽ፣ ምን ተብሎ ይጻፋል? በጾም ደግሞ!

ትንሽ ታገሽኝ። ሰው ይረሳል። ሞንታርቦዋን ለጊዜው አርቂያት። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ መጥቼ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ያ አይሻልም? በአካል ሲሆን ይከብዳል ግን ይሻላል።

በስልክ ሬዲዮ ላይ ቀርበሃል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ትንሽ ነገር ነው። "ወፍጮ" እዚህ ሰው ሁሉ አፍ ላይ ገብቷል። ሲጀምር እኮ ይጮሃሉ፣ ፍቅርዬ! "ጧ" የምትለዋን እየጠበቁ አብረው ያጨበጭባሉ። አባዬ ቢያይ አልኩ።

አትቀየሚኝ። እኔ እዚህ ሰው የሆንኩት በዚያች ድምፅ ነው።

ቻላቸው


ደባርቅ፣ መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቻላቸው፣

"የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው" ብለሃል። እየሰገደችበት ነው። እንዲህ ነው።

"ትንሽ ነገር" ያልኸውን ሬዲዮ ዘመነ መርካቶ ታክሲ ውስጥ ሰምቶታል። ድምፅህን አወቀ። ጋዜጠኛዋ "ይህን ድንቅ ድምፅ ከየት አመጣኸው?" ስትልህ ምን አልህ? ንገረኛ! "ከአንድ የተዘጋ የብረት ፋብሪካ" አልህ። የተዘጋ! ያልተዘጋች ወፍጮ እህል እየፈጨች፣ ያልሞተች እናት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ!

እኔ አምኘህ ነበር። አባ ይግዛውን ፈራ፣ ሀገሩን ፈራ ብየ። እዚያስ ማንን ፈራህ? ሌሊቱን ጥቁር ለብሶ ለሚጨፍር ልጅ "የእናቴ ወፍጮ ነው" ብትለው ይሰቅልህ ነበር? "እህል ትፈጫለች" ማለት አሳፈረህ። በሁለት ወገን አፈርህ፤ እዚህ በከበሮህ፣ እዚያ በወፍጮህ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የምትቆመው? እዚያው ዲጄው በማይታይበት ጨለማ ውስጥ?

አንድ መላ አግኝቸ ነበር። ቺንጋውን ፈትቸ አባ ይግዛው እጅ ላይ ላስረክብ። ከዚያ እሑድ ማኅበርተኛውን ሁሉ ወፍጮ ቤት ጠርቸ፣ ወፍጮው ያለ ቺንጋ መቆሙን በዓይናቸው አይተው፣ በሞንታርቦዋ ልክፈትላቸው። ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ፣ ዱቄቱ ሲረግፍባቸው፣ መዘውሩ ግን ቆሞ! ያን ጊዜ ምን ይላሉ? ቺንጋውን መፍታት ጀምሬ ነበር። እማየ ከኋላየ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

"ዘፈን መሆኑን አዩ እንበል። ከዚያስ ማነው የሠራው ሲሉሽ?" አለችኝ።

"እሱን ለኔ ተይው" አልኋት።

"መልሰሽ እሰሪው" አለች። "ባይሆን ደብዳቤ ጻፊልኝ።"

ይሄው፣ ያለችኝን ቃል በቃል ጽፌአለሁ። እኔ ስጽፍ እሷ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅም ነበር።


ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለቻላቸው። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እንደምን ውለህ እንደምን ታድራለህ? እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን ደኅና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። የላክኸው ቅባት ሸጋ ነው፤ እየተቀባሁት ነው።

ልጄ፣ የሰው ወሬ ሰምተህ እንዳትጨነቅ። ጽዋውንም ቢሆን ማርያም ታውቃለች።

እኔ እሑድ እሑድ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ ስሞቅ እውላለሁ። እህትህ የማላውቅ ይመስላታል። አባትህ የሰፋትን የቺንጋ ድምፅ እኔ አጣታለሁ? ስትመታ ግድግዳው በጀርባየ በኩል ይነግረኛል። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር ጀርባየን ደግፎኝ አያውቅም። ደብሩ የት እንደሆነ አልጠይቅህም። ከበሮህን ግን በርትተህ ምታ።

ለፋሲካ መንገዱ ደኅና ካልሆነ አትምጣ። መንገዱ ደኅና ከሆነ ግን ና።

እናትህ ሸዋነሽ


ደባርቅ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቻላቸው፣

ዳታ ተመልሷል፤ ይሄኛው በዘመነ አይላክም። በፊት ያሉትን ሁሉ ከላይ አንብበሃቸዋል፤ ይሄ ደግሞ ለሁሉም ሰው ነው የተጻፈው፣ አንተ ካሉት አንዱ ነህ።

ፋሲካ መጣ፣ አልመጣህም። መንገዱ ደኅና ነበር። ዘመነ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፣ አንድም ጊዜ ክብሪት ቀፎ አልያዘም። ስደውል አታነሳም።

እንግዲህ የሆነውን ስማ። ከፋሲካ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እማየ ገባች። እኔ ኋላ ነው የደረስሁት። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እንደሚወድቅ ታውቃለህ። እሷ የተሸከመችው ምን መሰለህ? መጇን ነው። ከሞንታርቦዋ ላይ አንስታ፣ ያንን መዳፏ ያጎደጎደውን ድንጋይ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ "እኔ ነኝ የፈጨሁት። ሰንበትን ሽሬአለሁ። ልጄ ፍቅርአዲስ እኔን ለማዳን ነው ዘፈን ነው ያለች፤ ይቅር በሉኝ" አለች።

ያልፈጨችውን። ያልሠራችውን ኃጢአት ተናዘዘች። ጋሸ አንዳርጋቸው አለቀሰ፣ "አልሁ አይደል" እያለ። አባ ይግዛው ድንጋዩን ከጫንቃዋ አነሱላት፣ ቀኖና ሰጧት፣ ሃምሳው ሲወጣ የሚጀመር ስግደትና ጾም። ጽዋው ግን ይቆያል ተባለ፤ ቀኖናዋን ስትጨርስ እናያለን ነው መልሳቸው። እኔ "ውሸት ነው!" ብየ ጮኽሁ። ዞር ብላ አየችኝ፤ የዚያን ዓይን ነገር ልጽፈው አልችልም። በመንገድ ላይ ደግፌያት ስንመጣ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? "ሠሪው ማነው እንዳይሉ ነው፣ ልጄ።" ይችን ብቻ።

አሁን ንገረኝ፣ አንተ ዳዊት የደገምህ፣ ድቁና የተቀበልህ፣ በሐሰት የተገባ ንስሐ ኃጢአቱ የማን ነው? የተናዘዘችው ነው ወይስ ያናዘዛት? አንተ ምድር ቤት ቆመህ "ጧ" ስትል ሕዝቡ ያጨበጭባል። እማየ እዚህ በእያንዳንዷ "ጧ" ግንባሯን መሬት ታስነካለች።

በጣም የሚያናድደኝን ደግሞ ልንገርህ። ሚክሱን አሁንም እሰማዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ፣ እህል ስፈጭ፣ እውነተኛው ወፍጮ ከውጭ፣ ያንተው ከውስጥ። እጠላዋለሁ ብየ ነበር የጀመርሁት። አልቻልሁም። አሁንም ያ ቦታ ሲደርስ፣ ሁሉም ጠፍቶ ቺንጋዋ ብቻዋን ስትቀር፣ ፀጉሬ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ እጅ እንዴት አንዲት ደብዳቤ መጻፍ ያቅተዋል?

ማርያምን ብየህ ነበር፣ አፍርሻለሁ። ይሄ የኔና የማርያም ጉዳይ ነው፣ አንተ አትግባበት።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነው። በጆሮየ አትንገረኝ። በስልክ አትደውልልኝ። እናቴ የወደቀችው በሰው ፊት ነው፣ መልሱም በሰው ፊት ነው የሚሆነው። እናንተም እዚያ ምድር ቤት የምትጨፍሩት፣ ሲያጫውታችሁ ጠይቁት፤ ሙዚቃውን አስቁሙና "ፋብሪካው የት ነው?" በሉት።

ሰኔ 21 ማርያም ናት። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ሲቆም፣ አባ ይግዛው መስቀል ሲያሳልሙ፣ ጋሸ አንዳርጋቸው ከፊት ቆሞ፣ እማየ ከኋላ፣ ከበሩ ውጭ፣ በቀኖናዋ ቦታ ቆማ ሳለች፣ ና። ሞንታርቦዋን እኔ አመጣለሁ። ቺንጋውን አባ ይግዛው ይይዙታል። አንተ ሁሉም እንዲሰማህ አድርገህ፣ በአባትህ ስም ራስህን ጠርተህ፣

"ከበሮው የኔ ነው" በል።